ያልተቀመሰው ቆጮ

ሙሀመድሰይድ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በጋሪውና በቦዩ መካከል ወድቆ ሲገኝ አህያው እንደተጠመደ ቆሞ ነበር። ጋሪው ጭረት እንኳ አልነካውም፤ ከጫነው የበርበሬ ጆንያም አንድ አልወደቀም። ሰውየው ግን ሐኪም ቤት ሳይደርስ ነፍሱ ወጣች።

ነገሩ ኢንስፔክተር ሃሊማ እጅ የገባው የካሳው ክርክር ሊዘጋ ሲል ነው። የሟች ሚስት ሳፊያ ባሌን ገጨብኝ ብላ የከሰሰችው ገሠሠ የሚባለውን የቡኢ ሰው፣ የኢሱዙ ሾፌሩን ነበር። ዳኛ ሀብተጊዮርጊስ ግን ሊፈርዱ ብዕራቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ቦታው ላይ ቆሜ ሳላይ አልፈርድም። እስከ ማክሰኞ አደጋው እንደገና ይጣራ» አሉ። ሃሊማ ድሮም መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ያ ጭረት የሌለው ጋሪ ደግሞ ጭራሽ ማረፊያ አሳጣት።

መጀመሪያ ገሠሠን አገኘችው። እሱም እንደሷ ቆሞ ነው የሚያወራው።

«አቶ ገሠሠ፣ ገጭተውታል?»

«እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ስደርስ ወድቆ ነው ያገኘሁት! ሌላው አይቶ እያለፈ እኔ አንጀቴ አልችል ብሎ አንስቼ ጫንኩት። ይኸው መንጃ ፈቃዴ ተይዟል፣ እስር ይጠብቀኛል። ሚስቱ ፍርድ ቤት በር ላይ ገዳይ ብላ ሰድባኛለች።»

«ከፊትዎ ማን ነበር?»

«አንድ ባጃጅና አንድ ሞተር። ሳነሳው ሁለቱም ተመልሰው መጡና ባለባጃጁ ‹አንተ ነህ የገጨኸው› አለኝ።»

ባለሞተሩ የሟች ጎረቤት ናጃህ ነው። ባለባጃጁ ደግሞ የሳፊያ ታናሽ ወንድም ሰይዶ ነው፤ ኢሱዙው ሲገጭ አይቻለሁ ብሎ የመሰከረውም እሱ ነው። ሐሙስ ጧት ሃሊማ ሻይ ቤት ሳምቡሳ ሲበላ ደረሰችበት።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰይዶ።»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ኢንስፔክተር! ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ።»

«መቀመጡ ይቅርብኝ። እህትህ ቤት አድርሰኝ።»

ሳምቡሳውን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ ባጃጁን አስነሳ። መንገድ ላይ ሃሊማ ወደ ፊት ጠጋ አለችና «መድን አለው ይሄ ባጃጅ?» አለችው።

ሰይዶ መሪውን ጠበቅ አደረገ። «ያኔ አልነበረውም። አሁን አለው፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሳፊያ ቤት ናጃህም ነበር፤ ሞተሩ በር ላይ ቆሟል። ሳፊያ ቆጮ በአይብ አቀረበች። ሃሊማ ሥራ ላይ ነኝ ብላ ውሃ ብቻ ተቀበለች። ናጃህ ግን እጁን ታጥቦ ቀረበ።

«ከሟች ጋር በእንሰት ወሰን ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው።

«ተጣልተናል። የሞተ ዕለት ጧት እንኳ ተሰዳድበናል። ምን ብዬ ልካድ?» አለና ሌላ ቆጮ ቆረሰ።

«ሰይዶ፣ ግባ እንጂ» አለች ሳፊያ።

ሰይዶ ከደጃፉ ሳያልፍ «ሐሙስ አይደል፣ ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ። ጾም ይዣለሁ» አለ።

ሃሊማ ልትጠጣ ያነሳችውን ውሃ መልሳ አስቀመጠች። ሳፊያ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ከቀብሩ ወዲህ እቤቴ እህል ቀምሶ አያውቅም» አለቻት። «ስኳሩንም ዘይቱንም ያመጣል፣ በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ሐዘኑ አልወጣለትም መሰለኝ።»

«ካሳው ባይፈረድልሽስ?»

«ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ ኢንስፔክተር? የሚያርስልን እሱ ነበር።»

ሃሊማ ስትመለስ በሰይዶ ባጃጅ አልሄደችም። በእግሯ ወጣች።

ማክሰኞ ዳኛው መጡ። ሃሊማ ጋሪውን አስመጥታ እንደነበረው አስፋልቱ ዳር አቆመችው።

«የተከበሩ ዳኛ፣ ጭነት ሲከብድ ባለጋሪ በእግሩ ነው የሚሄደው። ሟች በጋሪውና በቦዩ መካከል ነበር። እዚህ መሃል ኢሱዙ ይገባል?»

ዳኛው ክፍተቱን በእርምጃ ለክተው «ጋሪውን ሳይደረምስ አይገባም» አሉ።

«ጋሪው ደግሞ ጭረት የለውም። ስለዚህ አቶ ገሠሠ አልገጩም። የገጨው በቀኝ ሾልኮ ለመቅደም የቸኮለ ሞተር ወይም ባጃጅ ነው።»

ናጃህን ላብ አጠመቀው። «ወላሂ እኔ—»

«ቆይ ናጃህ። አንተ ሟች ቤት ስትበላ አይቻለሁ።» ከሳፊያ ቤት ያስመጣችውን የቆጮ ሳህን ይዛ ወደ ሰይዶ ዞረች። «አንተ ግን ጧት ሳምቡሳ ስትበላ አግኝቼህ፣ እህትህ ቤት ስንደርስ ጾም ይዣለሁ አልክ። ደም ያለበት ሰው ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ሳይወርድ ከሟች ቤተሰብ እህል እንደማይቀምስ እኔም አንተም እዚሁ አድገን እናውቃለን። ፖሊስን ዋሸህ፣ ፍርድ ቤትንም ዋሸህ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጾም የለብህም። አንድ ጉርሻ ብላና ተሳስቻለሁ ብዬ እዚሁ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

ሰይዶ እጁን ዘረጋ። ቆጮውን ሳይነካ መልሶ ሰበሰበው።

«አልችልም!» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። «ልቅደም ብዬ ነው… መድን አልነበረኝም። እኔ ብያዝ እህቴ ባዶ እጇን ትቀራለች። ኢሱዙው ግን መድን አለው፣ ይከፍላል፣ ማንም አይጎዳም ብዬ…»

«ማንም?» አለ ገሠሠ።

«አቶ ገሠሠን የሚያስጠይቅ ነገር አላየሁም» አሉ ዳኛው። ወደ ሳፊያ ዞረውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው የተቋቋመ ፈንድ አለ፤ እዚያ ታመለክቻለሽ። የጠየቅሽውን ያህል ላይሆን ይችላል።»

ሳፊያ ሳህኑን ከሃሊማ እጅ ወሰደች፣ በወንድሟ አጠገብ አለፈችና ገሠሠ ፊት ቆመች።

«ባሌን ከመንገድ ያነሱት እርስዎ ነዎት። እኔ ደግሞ ሰደብኩዎ። ይብሉልኝ።»

ገሠሠ እጁን ታጥቦ ቆረሰ። እንባው እየወረደ ጎረሰ። ሃሊማም ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች።

ሰይዶ ካለበት ሆኖ «እህቴ…» አለ።

ሳፊያ ፊቷን አላዞረችም።

«አንተ መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ» አለችው።