ስድስቱ የብሎን ራሶች

አስከሬኑን ያገኘው ጋሽ መሮ ነው፤ መከራ ሰው ሲፈልግ ቤቱ አይጠፋውም። ጠዋት የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ወደ በረንዳው ሲወጣ፣ በሩቁ ጥግ ያለው ጣውላ ጫፉን ወደ ላይ አንጋጦ ቆሞ አየ። ጎንበስ ብሎ ቢመለከት፣ ከሥር በድንጋይ በተከበበው ጨለማ ጎድጓዳ ውስጥ የቤቱ ባለቤት፣ ጡረተኛው መምህር ወድቀዋል። ራሳቸውን ድንጋይ መትቷቸው ነበር። ገላቸው ቀዝቅዟል።

ጋሽ መሮ ስድሳ ዓመት ያለፈው አናጢ ነው፤ መሮ ከእጁ ስለማይለይ ቅጽል ስሙ ዋናውን ውጦታል። ያረጀውን የእንጨት በረንዳ እንዲያፈርስ ተቀጥሮ ሥራ የጀመረው ገና ትናንት ነበር። ሥራው ደግሞ ብሎን መፍታት! እንግዲህ ፖሊስ ሲደርስ የሁሉም ዓይን ወደ ማን እንደዞረ መናገር አያሻም።

«ፈትቶ ሳይነግራቸው ሄዶ ነው!» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤቱ። «ወንድሜን ገደለብኝ!»

ጋሽ መሮን እስር ቤቱ አስፈርቶታል፤ ሠላሳ ዓመት የለፋበት ስሙም በአንድ ቀን ሊጠፋ ነው። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። እውነት እኔ ብሆንስ? አንዱን ፈትቼ ረስቼ ብሆንስ? ይህን ባሰበ ቁጥር የሽማግሌው ፊት ከጎድጓዳው ውስጥ ሽቅብ ያየዋል።

መርማሪዋ አጭር፣ ቁጥብ ሴት ናት። የጭቃ ቦቲዋን ተጫምታ ጎድጓዳው ውስጥ ወረደች፣ ባትሪ አበራች፣ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ጉልበቷ አፈር በአፈር ሆኗል።

«ትናንት ስንት ብሎን አወጡ?» አለችው።

«አሥራ ስምንት፣ ኢንስፔክተር። በመግቢያው በኩል ሦስት ጣውላ፣ ለእያንዳንዱ ስድስት። ያው ቆርቆሮው ውስጥ አሉ።»

ቆጠረች፤ አሥራ ስምንት። ሁሉም ከራስ እስከ ጫፍ ሙሉ ናቸው።

«የዛገ ብሎን እንዴት ነው የሚወጣው? ያሳዩኝ።»

ጋሽ መሮ ተንበረከከ። የአንዱን ብሎን ራስ ጭረት በምስማር ጠርጎ ዘይት አንጠባጠበበት፤ ጥቂት ጠብቆ ካቻቢቴውን ተከለና በመዶሻ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አደረገው። ከዚያ፣ ይገርማችኋል፣ መጀመሪያ አጠበቀው።

«ሊፈታ የሚያጠብቅ ሰው ዛሬ አየሁ!» አለች መርማሪዋ።

«ዝገቱን የሚሰብረው እሱ ነው። የቸኮለ ሰው ዝም ብሎ ያዞራል፤ ጭረቱ ይላጣል። ሲብስበት በመሮ ይመታዋል፤ ራሱ ይቆረጥና ዘንጉ ከሥር ይቀራል። እኔ እንደዚያ ካደረግኩ እጄ ይቆረጥ።»

መርማሪዋ ጫፉ የተነሳውን ጣውላ ገለበጠች። ስድስት የብሎን ራሶች እንደ ደህና ብሎን በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ ዘንግ ግን የላቸውም። አንዱን በጥፍሯ ብትነካው ተላቀቀ፤ ከሥሩ የደረቀ ማጣበቂያ አለ። ጋሽ መሮ አፉን ያዘ።

ቀጥሎ ወንድምየው ነው።

«ትናንት ማታ አብራችሁ ነበራችሁ?»

«ሻይ ጠጥቼ ሄድኩ። እሱ እዚያ ጥግ ተቀምጦ ቀረ።»

«ስለ ብሎን ያውቃሉ?»

«እኔ? የመድኃኒት ቤት ሰው ነኝ፤ ብሎንና ምስማር አልለይም።»

የሟቹ ልጅ ነርስ ናት፤ ማታ ተረኛ ስለነበረች ቤት አላደረችም። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባትሽ በረንዳውን ማፍረስ ለምን ፈለጉ?»

«መጠበቅ ሰለቸው። እናቴ በስድስት ዓመቴ ጥላን ሄደች። ሻንጣዋን ይዛ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳትል። እሱ ሃያ ዓመት እዚህ ቁጭ ብሎ መንገድ መንገዱን አየ።» ወደ ሩቁ ጥግ አመለከተች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አባቴ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ እኔ ከተረኝነት መጥቼ ተኝቻለሁ። ቀትር ላይ ከዚያ ጥግ ኮቴ ሰማሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይልና ዝም፤ ደግሞ ቋ፣ ቋ። የእናቴ ጫማ ተረከዝ መሰለኝ። አንሶላ ተከናንቤ ሳልወጣ ቀረሁ። ለአባቴ ነገርኩት። ‹ከመፍረሱ በፊት አንድ ምሽት እዚያ ልቀመጥ፤ ምናልባት ትመጣ ይሆናል› አለኝ።»

«አጎትሽስ? አብሯቸው አልተቀመጠም?»

«ሻዩን ሰጥቻቸው ስወጣ አባቴ ‹ና ተጠጋ› ይለዋል፤ እሱ ‹እዚህ ይሻለኛል› ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ይጠጣ ነበር።»

«ይህን በረንዳ ማን ሠራው?»

«አጎቴ ነዋ! በገዛ እጁ። እናቴ በሄደች ሳምንት ነው የጨረሰው።»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? መርማሪዋ ለአንድ ፖሊስ በጆሮው የሆነ ነገር ነግራ ላከችው። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች። ካፊያ እየጣለ ነበር፤ ጋሽ መሮ ካቴናው የሚመጣው አሁን ነው ብሎ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጧል።

«ጋሽ መሮ፣ የአንዱን ብሎን ራስ በመሮ ይቁረጡልኝ።»

ሙያው ቢጠየፈውም ቆረጠው። ስብራቱ እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ።

«አሁን እነዚያን እዩ» አለች፣ ከጎድጓዳው በላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ ወደ ቀሩት ስድስት ዘንጎች እያመለከተች። «ስብራታቸው ቡናማ ሆኗል። ትናንት የተቆረጠ ብረት በአንድ ሌሊት እንዲህ አይዝግም። የተቆረጡት አናጢው እዚህ ደጅ ከመድረሱ በፊት ነው።»

ጋሽ መሮ እጁን ከብብቱ አወጣ።

«ማክሰኞ ቀትር ላይ የተሰማው የእናቷ ኮቴ አይደለም፤ መዶሻ ነው። ሰውየው ቤቱ ባዶ መስሎታል። ብሎኑ እምቢ ሲለው ራሱን ቆርጦ ጣውላውን አነሳ። መልሶ ማሰር ስላልቻለ ራሶቹን በማጣበቂያ ለጥፎ ሄደ። ለምን አነሳው? ታች አቧራው ላይ የአራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ዕቃ በቅርቡ ተነስቷል። በረንዳው ሊፈርስ መሆኑን ሲሰማ የተጨነቀ ሰው አለ። ብሎንና ምስማር አልለይም ያለን ሰው፣ በረንዳውን ግን የሠራ።»

«ይሄ ተረት ነው!» አለ ወንድምየው።

«ትናንት ወንድምዎ ‹ተጠጋ› ሲልዎት ለምን አልተጠጉም? ጣውላው እንደሚከዳ ስላወቁ ነው። ‹አትርገጠው› ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ቢናገሩ ግን እንዴት አወቅህ ሊባሉ ነው። ስለዚህ ሻይዎን ጠጥተው ሄዱ።»

የተላከው ፖሊስ ያን ጊዜ ገባ። ከመድኃኒት ቤቱ መጋዘን ያገኘውን ሻጋታ የበላው የሴት ሻንጣ መሬት ላይ አስቀመጠ። መርማሪዋ ከፈተችው። ከልብሱ መሀል መታወቂያ አወጣችና ለልጅቷ ሰጠቻት።

ልጅቷ በመታወቂያው ላይ ያለውን የእናቷን ፎቶግራፍ በአውራ ጣቷ ጠርጋ ወደ አጎቷ ዞረች።

«አጎቴ፣ እናቴ ሻንጣዋን ይዛ አልሄደችም እንዴ?»

ወንድምየው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ከእኔ ጋር እንድትሄድ ለመንኳት። ሳቀችብኝ። ለባሏ ልትነግረው... ገፋኋት። መግደል አላሰብኩም፤ እውነቴን ነው!»

«አሁንስ የት ናት?»

መዳፉን አውርዶ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ዓይኑ ግን ከዳው፤ ከጣውላዎቹ ሥር ወዳለው አፈር ወረደ። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

«ጋሽ መሮ፣ ነፃ ነዎት፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለች መርማሪዋ።

እግሩ ግን አልሄደም። ልጅቷ እርጥቡ እንጨት ላይ ተደፍታ ጣውላውን በመዳፏ ትዳብስ ነበር። «ሃያ ዓመት ረገምኳት» አለች። «ጥላኝ ሄደች ብዬ። እሷ እኮ እዚሁ ነበረች። በላይዋ እየተመላለስኩ ነው ያደግኩት።»

ጋሽ መሮ ዕንባውን በእጅጌው ጠርጎ አጠገቧ ተንበረከከ፤ የዘይቱን ቆርቆሮ ከፈተ።

«ሁሉንም ልፍታልሽ፣ ልጄ?»

«ይፍቱልኝ፣ አባባ» አለችው። «ቀስ ብለው ግን። እናቴ ከሥር ናት።»