ደጅ የሚጠብቀው ሹፌር

«ጎትቶ አወጣት? ማን ነው ጎትቶ ያወጣት?»

ሚጢጢ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ጠባብ ነው፤ ከማይክሮፎኑና ከሁለት ወንበር ሌላ ምንም አያስገባም። አንደኛው ወንበር ላይ የክበቡ አለቃ፣ ሁሉም «ፕሮፌሰር» የሚሉት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ተቀምጧል።

«አሳምሬልሽ ነው» አላት። «አመሰግናለሁ በይ እንጂ!»

ወረቀቱ ላይ ያለውን የፍቅር ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋ ልጅ ከፋብሪካ ጓደኞቿ ጋር የሠራተኛ ማኅበር ልታቋቁም ስብሰባ ትገባለች። የሚወዳት ሹፌር ቦርሳዋን ይዞ ደጅ ይጠብቃታል። ስትወጣ «እንዴት ሆነላችሁ?» ይላታል፤ እወድሃለሁ የምትለውም ያኔ ነው። ፕሮፌሰር ይህን ሁሉ ሰርዞ ሹፌሩ በሩን በርግዶ እንዲገባ አድርጎታል። እጇን ይዞ ይጎትታታል፣ እሷም ደረቱ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፣ ሥራዋንም ትተዋለች።

«ወንድ ልጅ የሴት ቦርሳ ይዞ ደጅ ላይ ሲገተር ሼም አይደለም?» አለ ፕሮፌሰር። «ደግሞስ ፍቅር ውስጥ ፖለቲካን ምን ጥልቅ አደረገው?»

«እጇን ጠምዝዞ ሥራ ማስተው ነው ፍቅር?»

«አታካብጂ ባክሽ። አድማጭ የሚወደው እንዲህ ነው።»

ደሟ ፈላ። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። በቅርቡ እጮኛዋ «ከሠርጉ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር የለም» ሲላት፣ ቤተሰቡ ሁሉ «ስለሚወድሽ እኮ ነው» እያለ አፏን አስያዛት። ሚጢጢ ታሪኩን የጻፈችው በዚያው ንዴት ነበር።

«በቃ ምረጪ» አለ ፕሮፌሰር። «ወይ በዚህ ይነበባል፣ ወይ ጨርሶ አይነበብም። ስምሽን ግቢው በሙሉ ይሰማዋል፤ ላንቺ ብዬ ነው።»

ስሟ በድምፅ ማጉያ እንዲጠራ ዓመቱን ሙሉ ስትመኝ ነበር። ለክፍሏ ልጆች ሁሉ «በእረፍት ሰዓት ስሙኝ» ብላ ለፍፋለች። ወረቀቱን አነሳችና ወጣች።

ግቢው ውስጥ የክፍሏ ልጆች ድምፅ ማጉያው ሥር ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። ከላያቸው ዘፈን ተለቀቀ።

«ውይ! ያንቺ ታሪክ ቀረ እንዴ?» አለች አንዷ።

«ማን ቀረ አለሽ? ጠጋ በሉ፣ ከዘፈኑ በላይ እጮሃለሁ።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጥታ ቆመችና፣ እሷ እንደጻፈችው ማንበብ ጀመረች።