በሻርፕ የተጠቀለለው አጥንት

ጀልባዋ ከዳር ስትላቀቅ እናትየዋ መቀመጫውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ዋና አታውቅም። ልጇን የወሰዳትም ይኸው ወንዝ ነው።

«እማማ፣ አሁንም መመለስ እንችላለን» አላት ቀዛፊው። የልጇ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ የጥንት አራዊት አጥንት አብረው ይቆፍሩ ነበር። አምና ጀልባቸው ሲገለበጥ እሱ ወጣ፤ ልጅቷ አልወጣችም።

«አንተ ኮፍያህን አድርግ። ጆሮህ ደም መስሏል።»

በዚያ የምድር ጫፍ በሙቀቱ ወራት ፀሐይ አትጠልቅም፤ በብርዱ ወራት ደግሞ አትወጣም። አሁን ቀኑ እያጠረ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጨለማው ይገባል፤ ወንዙም በረዶ ይሆናል። ልጅቷ በመጨረሻ ቀኗ፣ በወንዙ ሦስተኛ መታጠፊያ ላይ፣ ገደሉ ውስጥ ትንሽ አጥንት አግኝታ ነበር። መጠቅለያ ጨርቅ ስላለቀባት የአንገቷን ሻርፕ ፈትታ፣ ጄሶ ውስጥ ነክራ፣ እንዳይሰበር ጠቀለለችው። እስኪደርቅ ብላ እዚያው ተወችው።

አስከሬኗ አልተገኘም። እናትየዋ ቀብራ የምታለቅስበት ነገር የላትም። ያንን ሻርፕ በእጇ ሠርታ የላከችላት እሷ ነበረች። የመጣችው እሱን ፍለጋ ነው።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ በረዶ የቀላቀለ ንፋስ ፊታቸውን ገረፋቸው። ውሃው ወደ ጀልባዋ ዘለቀ። እሱ ቀዘፈ፤ እሷ በጣሳ ቀዳች፤ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ቀዳች።

ሁለተኛው ላይ ነጭ ድብ ከዳር ተነሣ፤ አሽትቶ ውሃው ውስጥ ገባና ወደ እነሱ ዋኘ።

«እማማ፣ ዝቅ ይበሉ!»

እሷ ግን ጣሳውን ከመቅዘፊያው ጋር እያጋጨች ጮኸች። «ሂድ! አንተን ነው የምለው! ሂድ ከፊቴ!»

ድቡ ቆመ። አንገቱን ቀልሶ ተመለሰ።

«እንደ ጎረቤት ውሻ አባረሩት እኮ!» ብሎ ሳቀ ቀዛፊው። ወዲያው ግን ፊቱን ወደ መቅዘፊያው መለሰ። ልጅቷም ስትቆጣ ድምፅዋ እንደዚሁ ነበር።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የገደሉ ግማሽ ተንዷል። ከላይ ጠጠር ይንጠባጠባል። ጭቃውን በእጃቸው ቧጠጡ። በመጨረሻ አረንጓዴ የሱፍ ጫፍ ታየ።

«ያውልህ! እዚያ!»

እሱ ተንጠራርቶ ቆፈረ፤ እሷ ወገቡን ይዛ ጎተተች። ጥቅልሉ ሲላቀቅ ገደሉ አጓራ። ሮጠው ጀልባዋ ላይ ወደቁ። ከኋላቸው ዳርቻው ተገምሶ ገባ፤ ማዕበሉም ወደ መሀል ወረወራቸው። ውሃው ሲረጋጋ እናትየዋ መቀመጫውን እንዳልያዘች አየች። ሁለት እጇ ጥቅልሉን አቅፎ ነበር።

ጄሶው አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ከጥፍር ያነሰች መንጋጋ ትታያለች፤ ጥርሶቿ እንደ ሰሊጥ።

«ገና ከእንቁላል የወጣች ናት» አለ ቀዛፊው። «ብዙ አጥኚዎች እነዚህ አራዊት ጨለማው ሲመጣ ወደ ሙቀት አገር ይሰደዱ ነበር ይላሉ። ልጅዎ ግን ‹ይቺን የምታህል ጫጩት የት ትደርሳለች? እዚሁ ነው የከረሙት› አለች።»

«ያን ሁሉ ጨለማ?»

«ያን ሁሉ ጨለማ።»

«ምን እየበሉ?»

«ቅርንጫፍ፣ የደረቀ ቅጠል... በደንብ አናውቅም።»

እናትየዋ ወደ ስንጥቁ አጎነበሰች። «እናቷስ?» አለች።

«አብራት የቀረች ይመስለኛል።»

ሱፉን በጣቷ ዳሰሰችው። «ልፍታው?»

ቀዛፊው አቀረቀረ። «እማማ... ከፈቱት አጥንቱ ዱቄት ይሆናል። ልጅዎ ትክክል እንደነበረች የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።»

ፀሐይ ከገደሉ በላይ ለአፍታ ብቅ ብላ ተመለሰች። እናትየዋ እንባዋን አልጠረገችም። ከጄሶው የተረፈውን የሻርፕ ጫፍ አነሣች፤ ወደ ፊቷ አስጠግታ አሸተተችው። የጭቃ ሽታ ብቻ ነበረው። ከዚያ ጫፉን በስንጥቁ ላይ አልብሳ፣ ዙሪያውን በጣቷ ጠቀጠቀችው።

«ብርድ እንዳይገባት» አለች። «በል ቅዘፍ።»