የወግዲው ድንች ብልቃጦች

ዘር በብልቃጥ የሚያባዛው የቲሹ ካልቸር ቤተ ሙከራ ኃላፊ አቶ አድማሴ የሞቱት ችግኝ በሚያድግበት ክፍል ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ እንደተኙ ነበር። ኢንስፔክተር ሀጀራ መካነ ሰላም ስትደርስ የሬሳው ፊት የሕያው ሰው ይመስል ቀልቷል።

«የከሰል ጭስ ነው ያፈናቸው» አላት ሐኪሙ።

ክፍሉ ጀርም እንዳይገባበት ድፍን ተደርጎ የተሠራ ነው። ከሰል ግን አልነበረበትም። ሀጀራ መደርደሪያዎቹን ቃኘች። በየብልቃጡ፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ፣ ከድንች ቡቃያ ተቆርጦ የተተከለ ችግኝ ቆሟል። በታችኛው ጥግ ያሉት ግን ምግቡ ውስጥ ሰጥመዋል። ከጎናቸው ባዶ ቦታ አለ፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ጥቂት ብልቃጦች በግድ ተጠቅጥቀዋል።

ወደ ጥበቃው ሄደች። «ጋሽ አራጌ፣ ማንደጃዎ ትናንት የት ነበር?»

«ደጃፌ ነበር፣ ልጄ። መብራት ጠፍቶ ነበርና አቶ አድማሴም ጉንፋን ይዟቸው፣ ይሞቃል ብለው ችግኙ ክፍል ገብተው ተኙ። እኔ የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ ስመለስ ማንደጃውን አጣሁት። ኋላ እዚያው ተመልሶ አገኘሁት። ወላሂ፣ ማን እንደወሰደው አላየሁም።»

ምክትሉን በእውቀቱን ጠየቀችው። «ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ችግኙ ላይ የሚያጠወልገው በሽታ ተገኘ፤ ሁሉም ይቃጠል አሉ። ተከራከርኳቸው። ከሰዓት በኋላ ግን ወረዳ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

«ላይ የተጠቀጠቁት ብልቃጦች የምንድን ናቸው?»

«የወግዲ ድንች። እዚህ አብራን የምትሠራው የየትምወርቅ አባት ማሳ ላይ በሽታው ሳይነካው የቀረው አንድ እግር ነበር፤ ቡቃያውን ራሷ ቆርጣ አመጣችው።»

ሀጀራ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው። የትምወርቅ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«የረጋ ምግብ በብርድ አይቀልጥም» አለች ሀጀራ። «ጥጉ ላይ ቀልጦ፣ ችግኙን አስጥሞ፣ መልሶ ረግቷል። ማንደጃው እዚያ ነበር ማለት ነው። እሳቱን ያስገባው ሰው ግን አስቀድሞ የወግዲውን ብልቃጦች ብቻ ከጥጉ አነሣ። ለሌላው አልሳሳም። ጋሽ አራጌ አንዱን ብልቃጥ ከሌላው አይለዩም፤ በእውቀቱ ስብሰባ ላይ ነበር። የትምወርቅ፣ ሰውየው መተኛታቸውን ታውቂ ነበር?»

«ሲያስላቸው ሰምቻለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «አገሩ ሁሉ ዘር አጥቷል። አባቴ ማሳውን ትቶ ሊሰደድ ነው። ለምኛቸው ነበር፤ እግራቸው ላይ ወድቄ! ‹ሁሉም ይቃጠላል› አሉኝ።»

በእውቀቱ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«አቶ አድማሴ የወግዲውን ለይተው ደሴ ልከው አስመርምረውት ነበር» አለ። «ንጹሕ ነው የሚል መልስ ትናንት ጠዋት መጣላቸው። ልንገራት ስላቸው ‹ተው፣ ትንሽ ልተኛና ስነሣ ራሴ ነግሬ ላስደስታት› አሉኝ።»

የትምወርቅ ግድግዳውን ታክካ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሀጀራ አጠገቧ ተንበረከከች። «አብሽሪ» ብላ ልታጽናናት ጀምራ ተወችው፤ ክንዷን ይዛ አስነሣቻት።