ያልተበላው ምሳ

ጋሼ አሥራት፣ አሜሪካ ፒከሪንግተን ከተማ በሚገኘው የሴት ልጃቸው ቤት፣ ሳሎን ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ሞተው የተገኙት ፋሲካ ባለፈ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነበር። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ደማቸው ከልክ በላይ ቀጥኖ ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሷል። ለምን እንደ ቀጠነ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ልባቸው ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ስለነበረ ደም የሚያቀጥን ክኒን በየቀኑ ይውጣሉ፤ ክኒኑን በሳምንት ሳጥን ደርድራ የምትሰጣቸውም ነርሷ ልጃቸው ሔርሞን ነበረች።

ወንድሟ ፊልሞን ይህችን ይዞ ተነሣ። «ከገዳዩ ጋር ቆሜ አባቴን አልቀብርም» አለ። ቀብሩ ነገ ነው። ሔርሞን ቢጨንቃት ለቤተሰቡ ወዳጅ ለሸዋረጋ ደወለች።

ሸዋረጋ ሃያ ሁለት ዓመት በፋርማሲ የሠራች ሴት ናት። ሰው ሲያወራት ዓይኗ ሌላ ቦታ ስለሚሆን አልሰማችኝም ብሎ ይዘናጋል፤ ያኔ ነው ደህና አድርጋ የምትሰማው። እንደ ደረሰች ክኒኖቹን ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር አስተያየች። አንዲት እንኳ አልበዛችም፣ አልጎደለችም።

ሔርሞን ደግሞ ጣቷን ወደ ወንድሟ ቀሰረች። ፊልሞን ከኢንተርኔት ያዘዘውን «የደም ማጽጃ» እንክብል ለአባቷ ማምጣቱን ነገረቻት። ሸዋረጋ ጠርሙሱን ከአልጋው ራስጌ አገኘችው፤ ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ አልተቀደደም። ሽማግሌው ልጃቸውን ላለማስቀየም ተቀብለው አስቀምጠውታል።

ያ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ በክርክር ሲታመስ ነበር። በአቅራቢያው ግሮቭፖርት ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳው ፊልሞን ሺፍቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያዳምጥ ይውልና ክኒኑ የአይጥ መርዝ ነው፣ ደምን የሚያጠራው ጾም ነው እያለ ይመጣል። ሔርሞን ሐኪሙ ጾምን ከልክሏል ባይ ናት። ሁለቱም ጥናታቸውን ስልካቸው ላይ አዘጋጅተው ነው የሚገናኙት። አባት መሃል ተቀምጠው «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ይላሉ። ሽማግሌውን ግን አንድም ቀን የጠየቃቸው የለም።

ሸዋረጋ የክሊኒኩን ደብተር ገለጠች። የክኒኑ ዶዝ በማርች ወር ሁለት ጊዜ ጨምሯል።

«ዶዙን ሲጨምሩ ስለ ምግብ አልጠየቁም?»

«ኮል አድርገው ጠይቀዋል። እኔ ነኝ የመለስኩት። ምሳውን ዶሮ ሠርቼለት ነው ሥራ የምሄደው፣ ምንም ቼንጅ የለም አልኳቸው።»

ሔርሞን ጴንጤ ከሆነች ወዲህ የጾም ቀን መቁጠር ትታለች። ማርች የሁዳዴ ወር እንደ ነበረ ሸዋረጋ አልነገረቻትም፤ ጋራዥ ገብታ ትልቁን ፍሪዘር ከፈተችና ብዙ ቆየች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ፣ ከጋሼ አሥራት ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙትን እትዬ ማንያህልሻልን አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ፍሪዘሩ ሔርሞን ቀን በጻፈችባቸው የዶሮ ምሳዎች ተሞልቷል» አለች። «ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት የተሠራ የለም። ከፋሲካ ወዲህ የተሠራም የለም። ጋሼ አሥራት ጾሙን ሙሉ ጾመዋል፤ ምግብ መጣል ነውር ስለሆነባቸው ዶሮውን እዚያ አስቀመጡት። እሳቸው እትዬ ማንያህልሻል ዘንድ ጎመን ይበሉ ነበር።»

«ጎመን ምን ያደርጋል?» አለ ፊልሞን።

«ደም የሚያረጋ ቫይታሚን አለበት፤ ክኒኑን ይጋፋል። በየቀኑ ሲበሉት ደማቸው ወፈረ፣ ክሊኒኩ ዶዙን ጨመረ። በሕማማት ሳምንት ደማቸው ልኩን ሲይዝ ከወር በኋላ ተመለሱ አሏቸው። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ጎመኑ ቀረ፤ ለጎመኑ የተጨመረው ክኒን ግን አልቀረም።»

ሔርሞን እጆቿን አየቻቸው። ክኒኑን ያቀበለችው በእነዚያ እጆች ነበር።

«ለምን አልነገረንም?» አለች።

የመለሱላት እትዬ ማንያህልሻል ናቸው። «‹ለእሷ ብነግር ወንድሜ ነው ያሳሳተህ ትላለች፣ ለእሱ ብነግር ረታሁሽ ብሎ ይጨርሳታል፤ ሆድ ይፍጀው› አሉኝ። ልጆቼ፣ ጎመኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከክኒን ጋር እንደሚጣላ በምን አውቄ።»

«ብናውቅ ይድን ነበር?» አለች ሔርሞን።

ሸዋረጋ ይህን ጥያቄ ነበር የፈራችው። «አንድ ስልክ ይበቃ ነበር» አለች። «ጾሙም ባልቀረ፣ ክኒኑም ባልቀረ። ክኒኑን ከጎመኑ ጋር ይለኩላቸው ነበር።»

ሸዋረጋ አሁን ይላቀሳሉ፣ ነገም አብረው ይቀብራሉ ብላ ጠበቀች። ፊልሞን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰማሽ አይደል? ክኒኑ ነው የገደለው።»

«የሰማሁት ጾሙ መሆኑን ነው» አለች ሔርሞን፣ እንባዋ ሳይደርቅ።

ስልካቸውን አወጡ። ሸዋረጋ መሃል ገብታ አንዱንም ማስቆም አልቻለችም። ለብዙ በሽታ መድኃኒት ስታድል የኖረች ሴት ቦርሳዋን አንሥታ፣ አቅም አጥሯት እያለቀሰች ወጣች።

በማግስቱ ሁለቱም ቀብር መጡ። ሔርሞን ከሣጥኑ በስተቀኝ፣ ፊልሞን በስተግራ ቆሙ። ጋሼ አሥራትም እንደ ወትሯቸው ምንም ሳይናገሩ መሃላቸው ነበሩ።