ከአባዬ እስከ በሩ

ይህ በቤታችን የሆነ ነው። ማመን የከበዳችሁ ተዉት... እኔ ግን አሁንም እዚያው ቤት ነው የምኖረው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎን ቆሜ የአባዬን ሸሚዝ እተኩሳለሁ። እሱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

አባዬ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ምኞቱ አንድ ብቻ ነበር፦ በራሱ እግር ሄዶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ደጅ መቀመጥ። ሐኪሙ ግን ዳግም ከወደቀ አይነሳም ብሎናል።

ስለዚህ የራሱን ዘዴ አወጣ። እስከ በሩ ካለው መንገድ ግማሹን ሄዶ ያርፋል። ከቀረው ደግሞ ግማሹን... በአንድ ጊዜ ከግማሹ እንደማያልፍ ቃል ገባልን።

ወንድሜ እንዲህማ ከሆነ መቼም አትደርስም ብሎ ቀለደበት።

አባዬ ሳቀ። "እግር ሒሳብ አያውቅም። ይደርሳል።"

ተራመደ። አረፈ። ተራመደ... አረፈ።

ሸሚዙን ሰቅዬ ዞር ስል የደረሰ መሰለኝ። እጁ ወደ በሩ እጀታ ተዘርግቷል። በመካከላቸው የወረቀት ያህል ክፍተት አለ።

"አባዬ፣ ያዘው እንጂ።"

"ትንሽ ቀረኝ" አለ በሹክሹክታ።

ጠበቅሁ... ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሸሸች።

ግንባሩ ላይ የላብ ጠብታ አለች። አትወርድም።

ወንድሜን ጠራሁት። የአባዬን ክንድ ይዘን ሳብነው፤ ግድግዳ የሳብን ያህል ነበር። ወንድሜ በጓሮ ዞሮ በሩን ከውጭ ወደ እሱ ገፋው። ክፍተቱ ጠበበ... ግን አልተዘጋም።

"አባዬ፣ ቃሉን ተወው። በቃ ያዘው" አልኩት እያለቀስኩ።

ዓይኑን ብቻ አዞረ። እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም።

"እየሄድኩ ነው እኮ፣ ልጄ... አልቆምኩም።"

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ አልፏል። በጓሮ በር ነው የምንገባው የምንወጣው። አባዬ አይርበውም። ጢሙ አላደገም። ሐኪሙ መጥቶ አየው... ሁለተኛ አልተመለሰም። ወንድሜም መቀለድ ትቷል።

ዛሬ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ሄድኩ። ከትከሻው ላይ አቧራውን አነሳሁለት። ከጆሮው ጀርባም ጠረግሁለት። ጎንበስ ብዬ ወለሉን ልወለውል ስል እጄ ቆመ...

ከእግሩ ሥር ያለው ጣውላ ተበልቷል። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበት ይመስል ጎድጉዷል።

ነካሁት። ይሞቃል።

ዙሪያውን ብቻ ወለወልኩ። ጨርቁን ጨምቄ ወንበሩ ላይ አሰጣሁት።