ከማቀዝቀዣው ወደ ምሳ

የስጋ ማከማቻው ባለቤት ከማቀዝቀዣው ክፍል በር ሥር ተኮራምቶ ደርቋል። በሩን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ተነቅሏል፤ ጥፍሮቹ በሩን ሲቧጥጡ ተሰባብረዋል። መርማሪዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያንገፈገፋት ግን የለም።

«ወንድሜን በላብኝ!» አለ እዚያው የሚሠራው የሟቹ ታናሽ ወንድም እጇን ጨብጦ። እጁ በቅባት ይሙለጨለጫል። መርማሪዋ እጇን ቀስ ብላ ሳበችና መሀረብ ፈለገች።

«ማነው የበላብዎት?»

«ስጋ ቆራጩ ነዋ! ኮምፒውተሩ አጋልጦታል። እኔ እንኳ ትናንት በምሳ ሰዓት ምግብ ቤት ነበርኩ፤ ሁሉም አይቶኛል።»

«እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ ያበላሁት» አለች የሠራተኞቹን ምግብ ቤት የምታስተዳድረው የሟቹ ሚስት፣ እንባዋን እየጠረገች።

እዚያ ቤት በየሠራተኛው ነጭ ካፖርት ላይ ባጅ ተሰፍቷል። የየክፍሉ በር ባጁን እያነበበ ማን ከየት ወዴት እንደሄደ ይመዘግባል። ትናንት በምሳ ሰዓት ከሟቹ ጋር ማቀዝቀዣው ገብቶ ብቻውን የወጣው የስጋ ቆራጩ ባጅ ነበር። ሰውየው በካቴና ታስሮ ተቀምጧል፤ የእጁ ቆዳ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል።

«ካፖርቴን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰቅዬ ደጅ ወጥቼ ነበር» አለ። «ምሳዬን የምበላው ብቻዬን ነው፤ ምስክር ከየት ላምጣ? ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

መርማሪዋ እጆቹን ትክ ብላ አየችና ወደ ኮምፒውተር ባለሙያው ዞረች።

«የዚህ ሰው ባጅ ከማቀዝቀዣው ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ፈልግልኝ። የትናንቱን ብቻ አይደለም፤ ያለፈውን ሁሉ።»

«የዓመታት እንቅስቃሴ ነው እኮ! አንድ በአንድ እናንብበው ካልን ሳምንት አይበቃንም።»

«ምን አስነበበህ? ከማቀዝቀዣው የወጣበትን ቦታ ብቻ ያዝ፣ ወዲያው ቀጥሎ የገባበትን እይ። መታጠቢያ ቤት ከሆነ እለፈው፤ ካልሆነ አውጣልኝ።»

ባለሙያው ጥያቄውን ጻፈ። ወንበሩን አስተካክሎ ሳይጨርስ መልሱ መጣ።

«ጉድ ነው! ሳይታጠብ አልፎ አያውቅም። ትናንት ብቻ ከማቀዝቀዣው በቀጥታ ምግብ ቤት ገብቷል።»

«አሁን ያንኑ ለሁሉም ባጆች ጠይቅ። ሳይታጠብ ወደ ምግብ የመሮጥ አመል ያለው ማነው?»

አንድ ባጅ ብቻ ተደጋግሞ ወጣ። መርማሪዋ የጨበጣትን እጅ አስታወሰችና እጇን እንደገና በመሀረብ ጠረገች።

ሁሉንም ምግብ ቤቱ ሰበሰበቻቸው።

«ሰው የሌላውን ካፖርት ሊለብስ ይችላል» አለች። «አመሉን ግን አውልቆ አይሰቅለውም። ስጋ ቆራጩ ደጅ ሲወጣ አንድ ሰው የራሱን ካፖርት ሰቅሎ የእሱን ለበሰ። ሟቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቶ ዘጋበት። ከዚያ እንደ ልማዱ ሳይታጠብ ለምሳ ተቀመጠ። እርስዎ ነዎት።»

«እጄን ስላልታጠብኩ ነፍሰ ገዳይ ልባል?» ሳቀ ታናሽ ወንድምየው።

«በዚያ ብቻ አይደለም። ሲበሉ ሁሉም አይቶዎታል፤ የእርስዎ ባጅ ግን ትናንት በምሳ ሰዓት እዚህ አልገባም። የገባው የስጋ ቆራጩ ባጅ ነው፤ እሱን ደግሞ እዚህ ያየው የለም። የገዛ ምስክሮችዎ ናቸው ያሰሩዎት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ጓሮ ኮምጣጤ የተሞሉ በርሜሎች አግኝቼ ከፍቻቸዋለሁ» አለች፤ አሁን «እርስዎ» ማለቱ አስጠላት። «የሸተተ ስጋ በኮምጣጤ እያጠብክ ለሕዝብ ስታበላ ወንድምህ ደረሰብህ። ሊያጋልጥህ ነበር። ስጋውን እንኳ ታጥባለህ፤ እጅህን ግን አትታጠብም!»

ሰውየው አቀረቀረ። ካቴናው ከስጋ ቆራጩ እጅ ወደ እሱ እጅ ዞረ።

«አመል ያወጣል ከመሐል» አለ ስጋ ቆራጩ የእጁን አንጓ እያሸ።

የሟቹ ሚስት ግን ገበታው ላይ አፍጥጣ ቀረች።

«የባሌን ምሳ ከድኜ አስቀምጬለት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ይሄ ሰው ‹እሱ ይቆያል፤ ከሚቀዘቅዝ ለእኔ ስጪኝ› አለኝ። ሰጠሁት።»